እሜቴ የላሰችው እጅ

«ያው እንግዲህ!» አለ ባልየው ብርድ ልብሱን ወደ አገጩ እየሳበ። «አንቺ ሴትዮ፣ ለእረፍት በወጣን ቁጥር የግድ ሰው መሞት አለበት?»

መቀለዱ ነበር። ከውጭ የመጣው ጩኸት የእውነት የሞት ጩኸት መሆኑ የገባው ሚስቱ መርማሪዋ ያለ ካልሲ ጫማዋን አጥልቃ ስትሮጥ ሲያያት ነው። ወደዚህ የዱር እንስሳት ማቆያ የመጡት ትናንት ነው፤ ከጉዟቸው ላይ አንድ ቀን ቀንሰው የአገሩን አውሬ በቅርብ ሊያዩ። እሷ ድኩላዎቹን ወደደች። እሱ የወደደው ነብሯን ነው፤ እሜቴ ይሏታል፣ አርጅታ ሁለቱም ዓይኖቿ ነጭ ሆነዋል።

አሁን የማቆያው ባለቤት በእሜቴ አጥር ውስጥ በጀርባው ተንጋሏል። አንገቱ ላይ አንድ ንክሻ አለ፣ ሌላ ቁስል የለም። እሜቴን የማቆያው የእንስሳት ሐኪም ወደ ውስጠኛው ክፍል አስገብቶ ቆልፎባታል፤ ከዚያ ሆና ታላዝናለች።

«ግደልልኝ!» ትላለች የሟቹ ሚስት የዘበኛውን ክንድ እየጎተተች። «እግዜር ልጅ ቢነፍገኝ ሁለት አሳደግሁ፤ ይሄን የባሌን ወንድምና እሷን! በጡጦ! ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ፤ ምን ትጠብቃለህ፣ ግደልልኝ!»

ወንድምየው አቅፏት ያለቅሳል። ዘበኛው ጠመንጃውን አቀባበለ።

«ቆይ አንተ!» አለች መርማሪዋ መታወቂያዋን እያወጣች። «ነብሯ ተቆልፎባታል፣ የትም አትሄድም። ፖሊስ እስኪደርስ አንድ ጥይት እንዳይተኮስ።»

ዘበኛው ሚስቲቱን አየ። «እስከዚያ ብቻ» አለች እሷ ጥርሷን ነክሳ።

መርማሪዋ ሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። የሟቹ ካፖርት ተቦጫጭቋል። ቀኝ እጁ ግን ጭረት እንኳ የለበትም፤ ደም በደም በሆነው ገላው ላይ እሱ ብቻ ንጹሕ ነው።

«ስደርስ ስትልሰው ነበር» አለ ሐኪሙ። «ነክሳ ከገደለችው በኋላ አጠገቡ ተኝታ እጁን ትልሳለች። በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም።»

ከካፖርቱ ቅዳጅ አንዱን አነሳች። ገበሩ ላይ ቢጫ ለስላሳ ላባ ተጣብቋል። ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ቆየች፤ ከዚያ በመሐረቧ ጠቅልላ ያዘችው።

ሚስቲቱን ያነጋገረቻት ወጥ ቤቱ በር ላይ ነው። ካፖርቱ የሚሰቀልበት ምስማር ከራሳቸው በላይ ነበር።

«እህቴ፣ ያንን ካፖርት ለምን አይለውጠውም ነበር? ትናንት ምሳ ላይ ባለቤቴ አፍንጫውን ይዞ ነው የበላው።»

«ለእሷ ብሎ ነዋ! ዓይኗ ከጠፋ ወዲህ የምትለየው በካፖርቱ ጠረንና በድምፁ ነው። ድምፁን ደግሞ ሰሞኑን ጉንፋን ዘጋው። እንዳዩት፣ ምሳ ላይ ሲናገር በሹክሹክታ ነበር። አፍንጫውም አይሠራ፤ ወጡ አሮብኝ ‹እጅሽ ይባረክ› ሲለኝ...» ሳቅ ጀምሯት ለቅሶ ሆነ።

«ሌሊቱን የት ነበርሽ?»

«ድኩላዋ ምጥ ይዟት ከሐኪሙ ጋር። ዝናቡ ሲወርድብን አደረ። ይኸው ልብሳችን።» በሽቦው ላይ የተሰጣው ሁሉ አሁንም ውኃ ያንጠባጥባል።

ሐኪሙም ይህንኑ አለ። ትናንት ምሳ ላይ ሟቹ «ከእኔ በኋላ ማቆያውን የሚይዘው ሐኪሙ ነው» ማለቱን ስታነሳበት አንገቱን ደፋ።

«ለእኔም ዱብ ዕዳ ነበር። ወንድሙ እያለ...»

«የሰጎን ጫጩቶቹ ማሞቂያ ክፍል ሌሊቱን ማን ጋር ነበር?»

«ወንድምየው ጋር። ቁልፉን ሰጥቼው ወጣሁ።»

ወንድምየው ጎብኚ የሚያስጎበኝ፣ ሰው የሚያስቅ ጎልማሳ ነው። ትናንት ባልየውን የሰጎን ሩጫ አሳይቶ በሳቅ ገድሎታል። አሁን ዓይኑ አብጧል።

«ነብር ናት፤ ምን ቢያለምዷት ነብር ናት እያልኩት» አለ። «ጎህ ሲቀድ በጎኔ አለፈ። በእጁ ሰላም አለኝ። ያ የሚገማ ካፖርቱ! ሽታው ይኸው እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ፤ እስክሞት አይለቀኝም።»

«አይዞህ» አለች መርማሪዋ። እውነትም አሳዝኗት ነበር፤ ያሳዘናት ግን እሱ እንደመሰለው አይደለም።

የፖሊስ መኪና ከአቀበቱ ሥር ሲታይ ሁሉንም ምግብ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ዘበኛው ከነጠመንጃው በሩ ላይ ቆመ። ባልየው ጥጉን ይዞ ተቀመጠ፤ ሚስቱ እንዲህ ዝግ ብላ ስትናገር ቀልድ እንደማያዋጣ ያውቃል።

«እሜቴ ነክሳዋለች፤ ይሄ አያጠያይቅም» አለች። «የጨነቀኝ እጁ ነው። ጠልታው የገደለች አውሬ ስለምን እጁን ትልሳለች? ካፖርቱን ቦጫጨቀች፣ እጁን ላሰች። የጠላችው ካፖርቱን ነው።» መሐረቧን ፈታች። «እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። አሽትቺው።»

ሚስቲቱ በሁለት እጇ ተቀበለች። ፊቷን ቀበረችበት። ቀና ስትል ግራ ገብቷት ነበር።

«ይሄ የእሱ አይደለም» አለች። «ሳሙና... ሳሙና ነው የሚሸተው። ማን አጠበው?»



«ዓይን የላትም፣ ድምፁን አትሰማም፣ የቀራት ጠረኑ ነበር» አለች መርማሪዋ። «አንድ ሰው እሱንም ወሰደባት። ለእሷ የገባው ባዕድ ነው። እሱ ደግሞ አፍንጫው ተዘግቶ፣ በጎህ ድንግዝግዝ፣ ለውጡን በምን ያውቃል? ከነከሰችው በኋላ እጁን ስታሸትት ነው ማንን እንደገደለች የገባት።»

ሚስቲቱ አፏን በእጇ ያዘች።

«ካፖርቱ የታጠበው ከምሳ በኋላ ነው፤ ምሳ ላይ ግማቱን ሁላችንም ቀምሰናል። ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ፣ የተሰጣ ልብስ እስካሁን አልደረቀም። ይሄን የመሰለ ወፍራም ካፖርት በአንድ ሌሊት የሚያደርቅ ቦታ እዚህ አንድ ብቻ ነው፤ የጫጩቶቹ ማሞቂያ ክፍል። ገበሩ ላይ ላባቸው አለ። ሐኪሙና አንቺ ድኩላዋ ጋር ነበራችሁ።» ወደ ወንድምየው ዞረች። «ይሄ ሁሉ ባይኖር እንኳ ራስህ ነግረኸኛል። ዛሬ ጠዋት ካፖርቱ ሳሙና ሳሙና ሲል፣ አንተ ግማቱ አፍንጫዬ ውስጥ አለ አልከኝ። ሳልጠይቅህ! ሰው ሊደብቅ ሲፈልግ ያልተጠየቀውን ይናገራል።»

«ከልምድ ነው» አለ ወንድምየው። «ሁሌ ስለሚሸት...»

«አንተ» አለች ሚስቲቱ። «እኔን እየኝ።»

አላያትም።

«እየኝ ብዬሃለሁ!»

«እታለም፣ ይሞታል አላልኩም!» ፈነዳ። «ትቧጭረዋለች፣ ይደነግጣል፣ ያኔ እኔን ይፈልጋል ብዬ ነው! ዕድሜዬን ሙሉ ፍግ ስዝቅ ኖሬ ለባዕድ? በእንግዳ ፊት? አንዲት ቃል እንኳ ሳያማክረኝ!»

«ያላማከረህ ድምፁ እስኪመለስ ነው» አለች ሚስቲቱ። አሁን አትጮህም፤ ጩኸቷ ይሻል ነበር። «ልጅ ሆነህ ባሕር አሳየኝ እያልክ አታስተኛንም ነበር። ‹በእኔ ምኞት እዚህ አስሬ አስቀረሁት፤ አሁን ይውጣ፣ አገር ይይ፣ ጉዞውን እኔው አስጀምረዋለሁ› አለኝ። ‹ይሄን በሹክሹክታ አልነግረውም፤ ድምፄ ይመለስና ቁጭ ብዬ አጫውተዋለሁ› አለኝ።»

ወንድምየው ወንበሩን ይዞ ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ሰው ሲባል ጉድ ነው እኮ! እግሯ ሥር ተስቦ የቀሚሷን ጫፍ ያዘ።

«ይቅር በይኝ፣ እታለም። ካንቺ ሌላ እናት አላውቅም።»

ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቀቀች።

«እሷስ ሳታውቀው ነው» አለች። «አንተ አውቀኸው ነው።»

ወደ በሩ ሄደች። «ጠመንጃህን አራግፍ» አለችው ዘበኛውን፣ ሳትቆም።

ፖሊሶቹ ወንድምየውን ሲያስገቡት በመኪናው መስኮት አንገቱን አውጥቶ «እታለም!» እያለ ይጣራ ነበር። እሷ ግን በእሜቴ ክፍል ደጃፍ መሬት ላይ ተቀምጣ እጇን በፍርግርጉ አሾልካለች። ነብሯ ለረጅም ጊዜ አሸተተቻት፣ ከዚያ መላስ ጀመረች። መኪናው ቁልቁለቱን እስኪጨርስ ድረስ ሴትዮዋ ዘወር ብላ አላየችም።