አምስት የድስት ክዳን

መምህር ተከስተ ከኋላ ደረጃው ሥር በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ። ዘመኑ 1998 ዓ.ም.፣ ቀኑ ቅዳሜ፣ ሰዓቱ ለአሥር ሩብ ጉዳይ ነበር። ካዛንቺስ ባለው የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ግቢ ሻይ የምትሸጠው ሸዋአየሁ የእጣቢ ውሃ ልትደፋ ወጥታ አየችውና ጩኸቷን አቀለጠችው።

ኢንስፔክተር ለተገብርኤል ሬሳውን አይታ ደረጃውን ወጣች። የመምህሩ መነጽር ከላይ፣ ከደረጃው አፍ ላይ፣ ተረግጦ ደቅቋል።

«አዳልጦት ነው» አለ አብሯት የመጣው ፖሊስ።

«ያዳለጠው ሰው መነጽሩን ረግጦ አይወርድም። እዚህ ላይ ትግል ነበር።»

ከሟቹ ኪስ የታጠፈ የፈተና ወረቀት ወጣ። የሰምሃል የምትባል ተማሪ ነው። «በሦስት ምሰሶ፣ ትልቁ ትንሹ ላይ ሳይወጣ፣ አምስት ቀለበት አንድ በአንድ ለማዛወር ስንት እርምጃ ያስፈልጋል?» ይላል ጥያቄው። ልጅቷ «31» ብላለች። በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞባታል።

ይህቺ ወረቀት ነች ሰምሃልን ያስያዘቻት። ስድስት ሰዓት ላይ መምህሩ ላይ ስትጮህ ግቢው ሁሉ ሰምቷታል።

«ፈተና ጣላት፣ ጮኸችበት፣ ገፈተረችው፣ በቃ» አለ የጣቢያው አዛዥ በስልክ። «ሰኞ ጠዋት ፍርድ ቤት ትቅረብ።»

«አላመንኩበትም።»

«ለተገብርኤል፣ ነገር አታንዛዢ።»

«አንዛዛለሁ» አለችና ዘጋችው።

በዚያ ሰዓት ግቢው ውስጥ ብዙ ሰው አልነበረም። ባለቤቱ አቶ ሸምሰዲን ቄራ በር ሲያስበይዱ ነበር፤ በያጁም ከአጠገቤ አልተለዩም ብሏል። ሸዋአየሁ ከሻይ ቤቷ አልራቀችም።

«ለመጨረሻ ጊዜ ያየሽው መቼ ነው?» አለቻት ኢንስፔክተሯ።

«ዘጠኝ ሰዓት። ሻዩን ያለ ስኳር ጠጥቶ ወደ ላይ ወጣ። እሱ ስኳር ከረሳ አንጀቱ አሯል ማለት ነው።»

ረዳት መምህሩ አምኃ ክራቫቱን እንዳጠበቀ ነው።

«እኔ ከላብራቶሪ አልወጣሁም። ማለቴ፣ መምህር የሠራው ፕሮግራም አለ፤ ስክሪኑ ላይ ቀለበት ከምሰሶ ወደ ምሰሶ ያዛውራል። ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ለክተህ ጻፍ ብሎኝ ከስምንት ተኩል ጀምሬ ስለካ ነበር።»

ደብተሩን ሰጣት። ለአሥር ቀለበት አምስት ደቂቃ፣ ለአሥራ አንድ አሥር፣ ለአሥራ ሁለት አሥራ አምስት፣ ለአሥራ ሦስት ሃያ፣ ለአሥራ አራት ሃያ አምስት ይላል።

«ሁሉም ሰባ አምስት ደቂቃ ነው። ልክ ሲያልቅ ጩኸቱን ሰማሁ።»

«ወጣ አላልክም? ሲጋራ፣ ሽንት ቤት?»

«ኧረ ኢንስፔክተር! ከተነሳሁማ ሰዓቱ ያመልጠኛል።»

«ጎበዝ ነህ። ዲግሪ አለህ አሉ።»

«ቢሮ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።»

ጣቢያው ውስጥ ሰምሃል ዓይኗ አብጦ ጠበቀቻት። እናቷ ከበሩ አልነቀል ብላለች።

«ይቺን ሠላሳ አንድ ከየት አመጣሻት?»

«አሁን ይሄ ምን ይጠቅመኛል?»

«ንገሪኝ። ሒሳብ አይገባኝም፤ እንደ ሕፃን አስረጂኝ።»

ልጅቷ አፍንጫዋን ጠረገች። «የታችኛውን ትልቁን ለማንሳት መጀመሪያ ከላዩ ያሉትን በሙሉ ሌላ ቦታ ማዛወር አለብኝ። ከዚያ ትልቁ አንዴ ይሄዳል። ከዚያ እነዛን በሙሉ እላዩ ላይ መመለስ።»

«በሙሉ? እንደገና?»

«በሙሉ።»

ለተገብርኤል ወረቀቱን አገላበጠች። «ማን ነው ያረመው?» አለች።

«አምኃ። ለመምህር ሳሳየው ኪሱ ከተተና 'እስከ ሰኞ ታገሺኝ' አለኝ። የጮህኩት እኮ ዝም ስላለ ነው!»

እሑድ ጠዋት ሰምሃል የሚጫኑትን ቁልፎች ወረቀት ላይ ጽፋላት፣ ለተገብርኤል አምኃ የለካበትን ኮምፒውተር አስነስታ ሰዓቷን አውልቃ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። እስኪጨርስ አልተነሳችም።

ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉንም ሻይ ቤቱ ሰበሰበች። ሰምሃል በሁለት ፖሊስ መሐል መጣች። ጠረጴዛው ላይ እጀታቸው የተነቀለ አምስት የድስት ክዳኖች፣ ትልቁ ከታች ትንሹ ከላይ ሆነው ተደራርበዋል።

«ሦስት ቦታ አለን። የሚነሳው አንድ በአንድ ነው፤ ትልቁ ትንሹ ላይ አይወጣም። ሰምሃል፣ በሁለት ጀምሪ።»

ልጅቷ ሁለቱን ትንንሾች አዛወረች። ሦስት እርምጃ። ሦስቱን አዛወረች። ሰባት።

«አቶ ሸምሰዲን፣ አራት ሲሆን ይንገሩኝ፤ ሳይነኩ።»

«ሰባት አዛውሬ፣ ትልቁን አንዴ፣ ሰባት መልሼ... አሥራ አምስት።»

«አምስት ሲሆንስ?»

«አሥራ አምስት፣ አንድ፣ አሥራ አምስት። ሠላሳ አንድ! ወላሂ ልጅቷ ልክ ነበረች!»

«የቀደመው ሥራ ሁለት ጊዜ፣ ሲደመር አንድ። ፕሮግራሙም የሚሠራው እንደዚሁ ነው፤ ሥራውን አሳንሶ መልሶ ራሱን ያዛል፣ ያውም ሁለት ጊዜ። እና አምኃ፣ አንድ ቀለበት ሲጨመር ጊዜው ምን ይሆናል?»

አምኃ ክራቫቱን ነካካ። «ይጨምራል።»

«በስንት?»

አምኃ ወደ ደብተሩ ተመለከተ።

«እጥፍ ይሆናል» አለች ሰምሃል ዝቅ ባለ ድምፅ።

«እኔም ለክቼዋለሁ» አለች ኢንስፔክተሯ። «አሥር ቀለበት፣ አምስት ደቂቃ። አሥራ አንድ፣ አሥር። እስከዚህ ደብተርህ እውነቱን ነው። አሥራ ሁለት ግን ሃያ ፈጀ፣ አሥራ ሦስት አርባ፣ አሥራ አራት ሰማንያ። አንተ አምስት አምስት እየጨመርክ ወረድክ።»

«ኮምፒውተር እኮ አንዳንዴ ይፈጥናል።»

«ቅዳሜ ይፈጥናል፣ እሑድ ይዘገያል?»

ሸዋአየሁ «አፈር ብላ!» አለች።

«ሁለቱን በእርግጥ ለክተሃል። ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ላይ ጨርሰህ ተነሳህ። ተከስተ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሻዩን ጠጥቶ ወጣ፤ ደረጃው አፍ ላይ ስለዚህ ወረቀት ጠየቀህ። ዲግሪ ያለው ሰው ሠላሳ አንድን አይሰርዝም። ገፈተርከው። ከዚያ ገብተህ የቀሩትን ሦስት መስመሮች ሞላህ። ብታውቅበት ኖሮ ልክ አድርገህ ትዋሽ ነበር። ወረቀቱን የሰረዘውም ደብተሩን የሞላውም ያው አለማወቅህ ነው። ዲግሪውን ከየት ገዛኸው?»

አምኃ ጠረጴዛውን ያዘ። ድምፁ ሲወጣ የራሱ አይመስልም።

«ለአቶ ሸምሰዲን ትነግራለህ ወይ አልኩት። 'አላውቅም በልና ከዜሮ ጀምሬ አስተምርሃለሁ፤ ማንም አይሰማም' አለኝ። እየሳቀ ነበር። የሳቀብኝ መሰለኝ። ደረቱን ገፋሁት... እኔ እንዲሞት አልፈለግኩም።»

ሁለቱ ፖሊሶች ከሰምሃል አጠገብ ተነስተው ወደ እሱ ሄዱ።

አምኃን ይዘው ሲወጡ ለተገብርኤል ሰምሃልን «ነይ፣ እናትሽ ጣቢያው በር ላይ ናት» አለቻት። ሰምሃል አልተነሳችም።

«ክዳኖቼን ስጡኝ እንግዲህ፣ ድስቶቹ አፋቸውን ከፍተዋል» አለች ሸዋአየሁ እያለቀሰች።

ሰምሃል ክዳኖቹን መልሳ ደራረበቻቸው። ትንሹን አነሳች፣ አስቀመጠች። ቀጣዩን አነሳች። አንድ በአንድ ነው፣ ትልቁም ትንሹ ላይ አልወጣም። ሸዋአየሁ የዘረጋችውን እጅ ሰበሰበች። አቶ ሸምሰዲን ባርኔጣቸውን አወለቁ። ውጭ መኪናው ጡሩምባ ነፋ፤ ለተገብርኤል በሩን ዘግታ ቆመች። ልጅቷ ሠላሳ አንድ እስክትደርስ ጠበቋት።