ሠላሳ ስምንት ዲግሪ

«ደግሞ ወረደ!» አለ ፕሮፌሰር፣ ቴርሞሜትሩን ከሳፋው እያወጣ።

ቀጮ ክንዷን አጣጥፋ በሩን ተደግፋ ቆማለች። ፕሮፌሰር የአክስቷ ልጅ ነው፤ እነሱ ቤት መኖር ከጀመረ ገና ዓመት አልሞላውም። ቅጽል ስሙን ያወጣለት አባቷ ነው። የገዛ ልጁን «ቀጮ»፣ እሱን «ፕሮፌሰር»! ጥቁርና ነጭ ፊልም ማጠብ የለመደችው ገና አራተኛ ክፍል ሳለች ነው፤ ባለቀለሙን ግን አባቷ አንድ ቀን እንኳ አስነክቷት አያውቅም። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ስለ ሠርጓ ፎቶ ልትጠይቅ ፎቶ ቤታቸው የመጣችውን ሙሽራ «የእርስዎን ፊልም የሚያጥበው ይሄ ልጅ ነው፤ እጁ እንደ ሐኪም ነው» ብሎ ሌላ ቦታ ፎቶ ሊያነሳ ወጣ። የእሷስ እጅ የምን ነው? የመዶሻ?

የኬሚካል ጠርሙሶቹ ከሳፋው ውሃ አንገታቸውን አውጥተው ተደርድረዋል። ውሃው ሠላሳ ስምንት ዲግሪ ላይ ካልረጋ ቀለሙ ይበላሻል፤ ነጩ ቬሎ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። ሠርግ ደግሞ አይደገምም። ፕሮፌሰር ሙቀቱ እንዳያመልጥ ብሎ ሳፋውን ከአሮጌ ፍራሽ በቀደደው ስፖንጅ ዙሪያውን ጠቅልሎታል።

ሙቀቱ ሲወርድ ከማንቆርቆሪያው የፈላ ውሃ ይጨምራል። ሲጨምር በጠርዙ ይፈስሳል፤ ስፖንጁ ይጠጣዋል። ቀጮ ቅድም ስታልፍ በጣቷ ነክታዋለች፤ በረዶ ነው። ባሞቀው ቁጥር ያቀዘቅዘዋል፣ ጅል!

ዝም ብትልስ? ይህ ፊልም ቢበላሽ የሐኪም እጁ ወሬ እዚሁ ያበቃል። ደግሞ ማን ጠየቃት? ማንም።

«እንደምንም ሠላሳ ስምንት ገባ» አለ ፕሮፌሰር። «ሳይወርድ ልጀምር።» ፊልሙ የታሸገበትን ጣሳ አነሳ። እጁ ይንቀጠቀጣል።

ያንን ባታይ ይሻላት ነበር።

«አስቀምጠው!»

«ምን?»

«አስቀምጠው አልኩህ! ለመሆኑ እርጥብ ካልሲ አድርገህ እግርህ ሞቆህ ያውቃል?»

ፕሮፌሰር ወደ እግሩ አየ። «ካልሲዬ ደረቅ ነው።»

«ወይ ፕሮፌሰር! ስፖንጁን ንካው!»

ነካው። ፊቱ ልውጥ አለ። «ውይ! እኔ'ኮ...»

«አንተ'ኮ ምን? ዞር በል!»

ስፖንጁን ገንጥላ ወረወረችው። የሳፋውን ዙሪያ በፎጣ አደረቀችና የለበሰችውን የሱፍ ሹራብ አውልቃ አሰረችበት፤ ውሃ እንዳይነካውም ከላዩ ላስቲክ ጠቀለለች። ፕሮፌሰር በጥንቃቄ ሙቅ ውሃ ጨመረ። ቀዩ መስመር ወጣ፣ ሠላሳ ስምንት ላይ ቆመ። ጠበቁት። ንቅንቅ አልል አለ።

«አጎቴ ሲመጣ አንቺ ነሽ ያስተካከልሽው እለዋለሁ።»

«አፍህን ዘግተህ ፊልምህን እጠብ።»

«ፊልምህን» ማለቷ ራሱ አንጀቷን አሳረራት። በስስ ቲሸርት ብርዱ እያንዘፈዘፋት አጠገቡ ቁጢጥ አለችና ቴርሞሜትሩን ተቀበለችው።

«ሠላሳ ስምንት» አለች፣ ቀና ብላ ሳታየው። «እኔ አነብልሃለሁ። ጀምር።»