ኪቦርዱ እስኪመጣ

ፌበን ላፕቶፑን በነጠላ ጠቅልላ፣ እንደ ሕፃን አቅፋ፣ መገናኛ ካለችው ጠባብ ሱቅ ገባች። ኮምፒውተር ጠጋኙ ዋቅቶላ ደንግጦ ወንበሩን ለቀቀላት።

«እህቴ፣ የሕፃናት ክሊኒኩ እኮ ፎቅ ላይ ነው...»

«ላፕቶፕ ነው!» አለች ፊቷ ቀልቶ።

ነጠላውን ስትገልጠው ሳቁን መያዝ አቃተው። እሷም ሳቀች። ከሳቀች ስንት ጊዜዋ ነበር!

ጊዜው 2001 ዓ.ም. ነው፤ ላፕቶፕ ገና ብርቅ ነበር። የእሷ ደግሞ ሃያ ቀን እንኳ አልሞላውም፤ የስክሪኑ ላስቲክ አልተላጠም። ግን አንዱ ቁልፍ ተቀርቅሮ፣ ሲከፍቱት ያንኑ ፊደል ሳያቋርጥ ገጹን ይሞላዋል። ሌሎቹን ቢደበድቧቸውም ወይ ፍንክች!

«ኪቦርዱ መቀየር አለበት። ዕቃው ከዱባይ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ይፈጃል» አላት። «ግን አዲስ አይደል? የተገዛበት ሱቅ ለምን አይቀይርልሽም?»

«የእጮኛዬ ስጦታ ነው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «መበላሸቱን እንዲያውቅ አልፈልግም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቷ ገመዳ ሲሞት፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ጋሽ አባይነህ እሷንና እናቷን ዘውድነሽን ካራ ባለው ግቢያቸው አስጠጓቸው። ስምንት ዓመት ሙሉ! ልጃቸው ኤልቃና ፌበንን ላግባ ሲል ማን አፍ ኖሮት እምቢ ይበል? ኤልቃና ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆንማ በቀለለ! በጠላት የታሰረ ይጮሃል፤ በውለታ የታሰረ ምን ብሎ ይጮሃል? እምቢ ብትል እናቷ በስተርጅና የት ትወድቃለች?

ላፕቶፑን ሱቁ ትታ በሄደች ማግስት፣ እሁድ፣ ፓስተር ሰቦቃ በቤተ ክርስቲያን የእሷንና የኤልቃናን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ አነበቡ። በደንባቸው የሚጋቡ ሰዎች ስም ሦስት እሁድ ለምእመናን ይነበባል። ተቃውሞ ያለው በዚያ ጊዜ ይናገራል፤ ከሦስተኛው በኋላ ሠርግ ነው። ፌበን አንገቷን ደፍታ ሰማች።

በሁለተኛው ቅዳሜ «ኪቦርዱ መጣ?» ብላ ሱቁ ሄደች። እንዳልመጣ ሲነግራት ልቧ በደስታ ዘለለ፤ በራሷም አፈረች። ዋቅቶላ ሱቁን ዘግቶ እንጦጦ ይዟት ወጣ። ከባሕር ዛፉ ሥር ተቀምጠው ከተማዋን ቁልቁል ሲያዩ፣ ፌበን የካራን አቅጣጫ በጣቷ አሳየችውና የታሪኳን ጓዝ ሁሉ ዘረገፈችለት።

«ፌበን... ትወጂዋለሽ?»

«እናቴ ትወደዋለች።»

«እኔ የጠየቅኩት አንቺን ነው።»

እንባዋ ቀደማት። እጇን ያዛት፤ አልነጠቀችውም።

ሁለተኛውም እሁድ አለፈ። በሦስተኛው ቅዳሜ ሱቁ ስትደርስ፣ ላፕቶፑ አዲስ ኪቦርድ ተገጥሞለት ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል።

«መጣ እንዴ?»

ዋቅቶላ ዓይኗን ማየት አልቻለም። «ከዱባይ አይደለም... ቅዳሜ አምጥተሽው ሰኞ ዕለት እዚሁ ጎረቤት ሱቅ አገኘሁት።»

«ለምን ደበቅከኝ?»

«ካስረከብኩሽ አትመጪማ...»

«ጋሽ አባይነህ በቤት አሰሩኝ፣ ኤልቃና በስጦታ፣ አንተ ደግሞ በውሸት! ከእነሱ በምን ተሻልክ?»

«በምንም» አላት ላፕቶፑን እያቀበላት። «ይቅርታ አድርጊልኝ። እወድሻለሁ፤ ግን ያንቺን ነገር ማንም አይወስንልሽ። እኔም ጭምር።»

እያለቀሰች ወጣች።

በማግስቱ አዳራሹ ግጥም ብሎ ሞልቷል። ፓስተር ሰቦቃ ስማቸውን አንብበው «ተቃውሞ ያለው አለ?» አሉ፣ እንደ ወጉ። ለአሜን ከተዘጋጀው ሕዝብ መሀል አንድ እጅ ተነሣ። የሙሽራዋ እጅ!

«ልጄ... አንቺ?»

«እኔ» አለች። «ኤልቃና አልበደለኝም። ጋሽ አባይነህ አባት ሆነውኛል። ግን ላልወደድኩት ሰው ሚስት መሆን አልችልም... ማሩኝ!»

አዳራሹ ተንጫጫ። ዘውድነሽ ከመቀመጫዋ ብድግ ስትል ፌበን ዓይኗን ጨፈነች።

«አንቺ ልጅ! እኔ እኮ የምትወጂው መስሎኝ ነው!»

«እኔ ደግሞ... ቤት እንዳታጪ ብዬ ነው፣ እማዬ።»

«ቤት ይገኛል! አንቺን ከየት አገኛለሁ?» ብላ እዚያው አቅፋት አለቀሰች።

ደጅ ላይ ላፕቶፑን ለኤልቃና መለሰችለት። «ተበላሽቶ ነበር፤ ተጠግኗል።»

ኤልቃና ላፕቶፑን ተቀበላት። «ከእኔ ጋር ስትስቂ አይቼሽ አላውቅም» አላት። «ያኔ መጠየቅ ነበረብኝ።»

እናትና ልጅ ኮተቤ አንዲት ክፍል ተከራይተው ከካራ ወጡ። ጣሪያዋ ያፈሳል፤ ቢሆንም እንቅልፍ ወሰዳቸው። እዚያ በገቡ በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ፌበን ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ መገናኛ ወረደች።

ዋቅቶላ ቀና ብሎ ባዶ እጇን አየ።

«ምን... ምን ተበላሸ?»

«የሚጠገን የለኝም» አለች እየሳቀች። «አንተን ብዬ ነው የመጣሁት።»

ዋቅቶላ ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀላት።