ያልጮኸው ማይክሮዌቭ

ዓይነ ስውሩ አዛውንት የሞቱት ወጥ ቤታቸው ውስጥ፣ ከጋዝ ምድጃው ሥር ተዘርግተው ነው። ሾርባው ገንፍሎ እሳቱን አጥፍቶታል፤ ጋዙ ግን መውጣቱን አላቆመም። መስኮቱ ዝግ ነበር። መርማሪዋ ስትደርስ አስከሬኑ ተነሥቷል፤ የቤት ሠራተኛዋ እጇን በካቴና ታስራ ታለቅሳለች።

«እሷ ናት የገደለቻቸው!» አለ የሌሊት ጥበቃ የሆነው ልጃቸው። «ምድጃ ላይ ጥዳላቸው ወጣች!»

«ኧረ ጋሼ፣ በስመአብ! ሾርባውን ማይክሮዌቭ ውስጥ አስቀምጬ ነው ገበያ የሄድኩት። በማስነሻው በተን ላይ ፕላስተር ለጥፌላቸዋለሁ፤ ዳብሰው መጫን ብቻ ነው።»

«ስትወጪ ይሠራ ነበር?» አለች መርማሪዋ።

«የራሴን ምሳ አሙቄበታለሁ።»

«እሱ ዕቃማ መች ያርፋል!» አለ ተከራዩ ፀጉር አስተካካይ። «ጢት ጢት ሲል ይውላል። ጠዋት ወደ ሱቄ ስወጣም እየጮኸ ነው የሸኘኝ።»

«አባባ ውሃ ያሞቃሉ፣ አይጠጡትም» አለ ልጁ ምርር ብሎት። «አድሬ ገብቼ አንድ ቀን እንቅልፍ ጠግቤ አላውቅም።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ ደህና ተኛሁ። የቀሰቀሰኝ የጋዙ ሽታ ነው።»

መርማሪዋ ማይክሮዌቩን ከፈተች። ውስጡ ሾርባ የነካው ባዶ ሳህን አለ። ዘግታ ፕላስተሩን ተጫነች፤ ጸጥ። ሰዓቱን የሚያሳየው የማይክሮዌቩ ሰሌዳ ላይ ግን ትንሽ የቁልፍ ሥዕል በርታለች። መርማሪዋ ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት፤ ማታ ማታ የሚጠብቃት እንዲህ ያለ ሳጥን ስለሆነ ጠባዩን ታውቀዋለች።

ሦስቱንም ጠረጴዛው ዙሪያ አስቀመጠቻቸው።

«ይህ ዕቃ ተቆልፏል። ሕፃናት እንዳይነካኩት የተሠራ መቆለፊያ ነው፤ በስህተት ነካ ስላደረጉት አይቆለፍም፣ አንዱን በተን ተጭኖ መቆየት ይጠይቃል። አባት ቢጫኑት ቢጫኑት እንቢ አላቸው፤ ሥዕሏን አያዩም። ሲርባቸው ሾርባውን ድስት ውስጥ ገልብጠው ምድጃውን በዳበሳ ለኮሱ።»

«ማን ቆለፈው ታዲያ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«አንተ ከጠዋት ጀምሮ ሱቅህ ነበርክ። እሷ ቆልፋው ቢሆን ሾርባውን እዚያ ባላኖረችላቸው። እሷ ከወጣች በኋላ ቤት የቀሩት ሁለት ናቸው፤ አንዱ አባት፣ አንዱ እንቅልፍ የናፈቀው ልጅ።»

ልጁ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

«ድምፁን ላጠፋ ነበር... ድምፁን ብቻ! ተጭኜ ስይዘው አንዴ ጢት ብሎ ዝም አለ። የተሳካልኝ መሰለኝ።»

«ድምፁ የሚጠፋው በሌላኛው በተን ነው» አለች መርማሪዋ ቀስ ብላ። ፖሊሱ ካቴናውን እንዲፈታ በዓይኗ ጠቀሰችው።

ሠራተኛዋ የተፈታ እጇን እያሸች፣ «ውሃውን ለምን እንደሚያሞቁት ጠይቀዋቸው ያውቃሉ ጋሼ?» አለች። «‹ከዚህ ቤት የሚጠራኝ እሱ ብቻ ነው› ይሉኝ ነበር።»



«እርሳቸውስ ዛሬ ጠርተውህ ነበር?» አለች መርማሪዋ ወደ ልጁ ዞራ።

«አንዴ። ‹ልጄ፣ ይሄ ነገር እንቢ አለኝ› አሉ። የተኛሁ መሰልኩ።» ልጁ ቀና ብሎ ወደ ማንም አላየም። «ቢደግሙኝ እነሣ ነበር። አባባ ሰው ማስቸገር አይወዱም።»