ራውተሩን ማን አስነሳው?

አዛውንቱ ቁም ሳጥኑ ሥር ወድቀው የተገኙት ዓርብ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ያገኘቻቸው አስታማሚያቸው ነበረች። ቅዳሜ ጠዋት መርማሪዋ ስትመጣ አስታማሚዋ ወጥ ቤት በር ላይ ቆማ እጇን በፎጣ ትጠርጋለች፤ እጇ ግን ከደረቀ ቆይቷል።

«ስንት ሰዓት ወጣሽ?» አለቻት መርማሪዋ።

«ዘጠኝ ሰዓት። መድኃኒት ላመጣላቸው።»

«መድኃኒት ቤቱ መታጠፊያው ላይ ነው። ሁለት ሰዓት ምን አቆየሽ?»

«ሰልፍ ነበር።» አንገቷን ደፋች። «አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ደውዬ እዘገያለሁ ብያቸዋለሁ። ‹እኔ እንደሆንኩ የትም አልሄድ› ብለው ሳቁብኝ።»

ከሳሎን የአዛውንቱ ሴት ልጅ ድምፅ ተሰማ። «አባቴን ብቻውን ጥላው ሄዳ ነው የሞተው። ሌላ ምን ይመረመራል?»

አስታማሚዋም ለራሷ ስትል ያደረችው ይህንኑ ነው።

መርማሪዋ የወደቀውን በርጩማ አቃንታ ወጣችበት። ቁም ሳጥኑ አናት ላይ አቧራ የለበሰ ራውተር አረንጓዴ መብራቱን ብልጭ ድርግም ያደርጋል። ማጥፊያውና ገመዱ ላይ ግን አቧራው በጣት ተጠርጓል።

«አዛውንቱ በርጩማ ላይ ይወጡ ነበር?»

«ኧረ በምን ጉልበታቸው! አምፖል እንኳ የምቀይረው እኔ ነኝ።»

ራውተሩን እዚያ የሰቀለው የሴት ልጃቸው ባል ነበር። ሲጠራ ፊቱ ጠቁሮ መጣ።

«ሞገዱ ራቅ ብሎ እንዲደርስ ብዬ ነው ያወጣሁት። ምነው እጄን በሰበረው» አለ። «ጓዳ ባለው ኮምፒውተር ውስጥ የቤተሰቡ ፋይል ሁሉ አለ፤ የታላቅየው ልጅ የሕንፃ ንድፎች ሳይቀሩ ያሉት እዚያ ብቻ ነው። እሱ፣ ባለቤቴና እኔ ሦስታችንም በያለንበት ሆነን በቪፒኤን እንገባበታለን። ሐሙስ መብራት ሄዶ ከመጣ ወዲህ ግን አልገባም አለ። የይለፍ ቃሉን ደጋግሜ አየሁ፣ በስልኬም በሌላ መስመርም ሞከርኩ፤ ወይ ፍንክች። ቤት ውስጥ ያለ ሰው ራውተሩን አጥፍቶ ካላበራው መላ የለውም። ዛሬ መጥቼ ላስተካክለው ነበር።»

«የራውተሩን መዝገብ ክፈትልኝ።»

ኮምፒውተሩ ላይ ጎንበስ አለና ሲያነብ ድምፁ ቀጠነ። «ትናንት አሥር ሰዓት ከአሥራ አንድ ላይ ጠፍቶ በርቷል። አሥር ከአሥራ አራት ላይ አንድ ሰው ከውጭ ገባ። አሥር ከአርባ ላይ ወጣ።»

«ማን?»

«ሦስታችንም የምንገባው በአንድ ስም ነው።»

ታላቅየው ልጅ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ነበር። ትናንት አስታማሚዋ ጮኻ ስትደውልለት ከሁሉም ቀድሞ የደረሰ እሱ ነው። «እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ» አለ። «አልሠራ ካለኝ ሁለት ቀኑ ነው፤ ትቼዋለሁ።»

መርማሪዋ በረንዳ ላይ ወጥታ ሁለት ቦታ ደወለች። ስትመለስ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበች። አስታማሚዋ በሩን ተደግፋ ልትቆም ስትል፣ «አንቺም ተቀመጪ» አለቻት።

«አባታችሁ የወጡት ራውተሩን አጥፍተው ሊያበሩ ነው። ግን እሳቸው ኢንተርኔት አይነኩም፤ ስለዚህ ሰው በስልክ ለምኗቸዋል። ስልካቸው ላይ የትናንት ጥሪ አንድም የለም። አስታማሚዋ ግን ደውላለች፤ በራሷ ስልክ ላይ አይቻለሁ። ያን ሰው ጥሪ ያጠፋ እጅ የእሷንም አብሮ ጠርጎታል። ፖሊስ ከመድረሱ በፊት ስልኩን የያዘው ማን ነበር?»

«ጋሼ ናቸው» አለች አስታማሚዋ ወደ ታላቅየው ልጅ እያየች፣ ምን እንደተናገረች ሳይገባት። «ዘመድ ልጥራ ብለው ወሰዱት።»

«ባልና ሚስቱ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት የልጃቸው መምህር ፊት ተቀምጠው ነበር፤ መምህሩን ጠይቄዋለሁ።» መርማሪዋ ወደ መስኮቱ ዞረች። «የእርስዎ አለቃ ደግሞ የሕንፃውን ንድፍ ትናንት አሥር ከአርባ ላይ ተቀብለዋል። ትቼዋለሁ ካሉት ኮምፒውተር እንዴት ወጣ?»

ታላቅየው ልጅ ከመስኮቱ ዘወር አለ።

«‹በርቷል፣ እስቲ ሞክረው› አለኝ። ከዚያ አንድ ነገር ሲወድቅ ሰማሁ። አባባ ብዬ ተጣራሁ፤ አልመለሰም። ስልኩ ወድቆበት ይሆናል ብዬ ዘጋሁት። መልሼ ልደውል ስል ቪፒኤኑ ገባልኝ።»

«ከዚያስ?»

«ንድፉን ልኬ እደውላለሁ አልኩ። ከላኩ በኋላ ስደውል አያነሳም። ተኝቶ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ።»

«ሐኪሙ ከወደቁ በኋላ ከግማሽ ሰዓት በላይ በሕይወት ነበሩ ብሏል» አለች መርማሪዋ።

ሰውዬው ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። «ትናንት ልናገር ነበር። እህቴ ‹እሷ ናት የገደለችው› ስትል ጊዜ ዝም አልኩ።»

እህቱ ወንድሟን አየች፤ አስታማሚዋን ለማየት ግን ዓይኗ አልታዘዘላትም።

መርማሪዋ የመኪናዋን በር ስትከፍት አስታማሚዋ ከኋላ ደረሰችባት።

«እመቤቴ፣ ቃሌ ላይ የሚስተካከል አለ። ሰልፍ አልነበረም። መድኃኒቱን በአሥር ደቂቃ ሰጥተውኛል። መናፈሻው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ ለትንሽ ጊዜ የሚጠራኝ ሰው ሳይኖር ልቆይ ብዬ። ደስ ብሎኝም ነበር።»

«ይህ ወንጀል አይደለም፣ እህቴ።»

«አውቃለሁ። ግን ይጻፍልኝ።»

መርማሪዋ የምርመራ መዝገቧን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ቃል በቃል ጻፈችው። አነበበችላትና አስፈረመቻት።