ረፋድ ላይ የሚነፍሰው

ሩት ውጭ አገር ሆና ያጠናችው፣ ዘረ መሉ የተለወጠ የበቆሎ ብናኝ በነፋስ ተጭኖ ጎረቤት ማሳ ድረስ እንዴት እንደሚሻገር ነበር። ወላይታ ውስጥ ወዳለው ትውልድ ቀዬዋ ሁምቦ ስትመለስ የጠበቃት ሌላ በቆሎ ነው፤ የገበሬዎች ማኅበር ከዘር ድርጅት ጋር ተዋውሎ የሚያባዛው ነጭ ምርጥ ዘር። የነፋሱ ጣጣ ግን ያው ነው። በአቅራቢያው ሌላ በቆሎ አብሮት ማበብ የለበትም፤ ይህን የምትቆጣጠረው ሩት ናት።

በልጅነቷ ስለወጣች ወላይትኛ ጠፍቶባታል። የሚያስተረጉምላት የቀበሌው የልማት ሠራተኛ ጦና ነበር። «ፈረንጅ እንኳ ካንቺ ይሻላል» እያለ ይስቅባታል። ማሳ ለማሳ አብረው ሲዞሩ ተዋደዱ። ከመስቀል በኋላ ሽማግሌ ሊልክ ተስማሙ።

የጦና አባት የአቶ ሶርሳ ቢጫ በቆሎ ከዘሩ ማሳ በስተምሥራቅ ነው። ቀድሞ ስለተዘራ አበባው ቀድሞ ያልፋል ብላ ተወችው። ድርቅ ባሳሳው ቦታ ግን የጦና እናት እንደ አገሩ ልማድ ዘግይተው ሌላ ቢጫ ዘር ሞልተውበት ነበር፤ እሱ ከነጩ እኩል አበበ። ጦና ያውቃል።

ዘሩ ሲፈለፈል ከነጩ መሀል ቢጫ ፍሬ ወጣና ድርጅቱ አልረከብም አለ። ማኅበሩ ጥፋተኛውን ከአባልነት ሊያባርር ስብሰባ ጠራ።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለችው፣ ሶርሳ ማሳ ላይ ዘግይቶ የተሞላውን አገዳ አይታ።

«ብነግርሽ ታስቆርጪው ነበር።»

«አዎ፣ አስቆርጠው ነበር።»

ጦና ከማሳው በስተምዕራብ ያለውን የወይዘሮ አሳየሽን ቢጫ በቆሎ በአገጩ አሳያት። ባል የሞተባቸው ሴት ናቸው፤ የረፋዱ ነፋስ ከዘሩ ማሳ ወደ እሳቸው ስለሚሄድ ሩት በቆሏቸውን ትታው ነበር። ነፋሱ ሲዞር ይውላል፤ ብናኙ በሚረግፍበት ረፋድ ከየት እንደሚነፍስ የለካችው ሩት ብቻ ናት።

«ከወዲያ ነው ብትዪ ማን ይጠይቅሻል? አባቴ ባንቺ አፍ ከተባረረ፣ ምራቴ ብሎ ቤቱ ያስገባሻል?»

ሩት ነፋሱን የመዘገበችበትን ደብተር አንስታ ሄደች።

ስብሰባው ላይ በአማርኛ፣ ነፋሱ የመጣው ከፀሐይ መውጫ ነው አለች። ጦና ተረጎመ። ሰው ሁሉ ወደ ምዕራብ ዞረ፤ ወደ አሳየሽ ማሳ። አማርኛ የሚሰሙት ጥቂቶች አንገታቸውን ደፉ። አሳየሽ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ያዙ።

ሩት ጦናን አየችው። እሱ መሬት መሬት ያያል። ቃሉን በወላይትኛ ፈለገች፣ አጣችው። ተነስታ እጇን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሶርሳ ማሳ ዘረጋች።

ጦና አባቱን ደግፎ ሲሄድ ዞር ብሎ አላያትም።

ሰው ሲበተን አሳየሽ አጠገቧ መጥተው ቆሙ። አላመሰገኗትም። «ምነው ልጄ፣ ለእኔ ብለሽ ቤትሽን አፈረስሽ?» አሏት በተሰባበረ አማርኛ።

ለእርስዎ ብዬ አይደለም ልትላቸው ፈለገች። ለማን ብላ እንደሆነ ግን እሷም አላወቀችም።