ገራዡ ከመምጣቱ በፊት

«አንድ ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ!» አለች ኣብርሀት ነጠላዋን እያጣፋች። ወደ ቀበሌው የሴቶች ማኅበር ስብሰባ መሄዷ ነው፤ የቀረች ሴት የቀበሌ ሱቅ ስኳሯን ትርሳው። «አጥሚቱን ለአክስትሽ አድርሺና ቶሎ ተመለሽ።»

«እማዬ፣ ሕፃኑን እኮ ነገ ሊገርዙት ነው!» አለች ልጇ አስመረት።

«በሽታውን ወንድ ሁሉ አይወርሰውም ተብሏል። ወንድምሽ ዓንዶምስ ተገርዞ ድኖ የለ?»

«ሊሞት ደርሶ ነው የዳነው ያልሽኝ አንቺው ነሽ!»

«ለማን ብዬ መሰለሽ የምደብቀው? ወሬው ከወጣ ነገ ማን ያገባሻል?»

አስመረት አጥሚቱን ፔርሙስ ውስጥ ገለበጠች። ገና አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ባል የሚባል ነገር በሐሳቧ ዝር ብሎ አያውቅም። ወንድሟ ዓንዶም ግን ከሐሳቧ ወጥቶ አያውቅም። ኳስ በተጫወተ ቁጥር ጉልበቱ ያብጥበታል፣ እሱ ግን «ዛሬ በረኛ ነኝ!» እያለ ይቀልዳል፤ እንዲህ ያለ አራዳ ልጅ ነበር። አምና ጥርሱ ተነቀለና ደሙ አልቆም አለ። ሐኪሙ ለእናቷ ሲያስረዳ አስመረት በሩ ጋ ቆማ ሰምታለች። ደምን የሚያረጋው ነገር ከልጁ ደም ውስጥ ይጎድላል። በሽታው በእናት በኩል ይመጣል፤ ወንዶቹን ያሠቃያል፣ ሴቶቹ ብዙውን ጊዜ ሳይታመሙ ተሸክመውት ለልጆቻቸው ያስተላልፋሉ። ዓንዶም ሞተ። እናቷ ለለቀስተኛው ሁሉ «ሳንባ ምች ነው» አለች።

ፔርሙሱን ይዛ ከቦሌ እስከ ገርጂ ያለውን ማሳ በእግሯ አቋረጠች። በእናቷ ተናዳለች፤ ታሳዝናታለችም። አንድ ልጅ የቀበረች ሴት ለቀረችላት ብትሳሳ ምን ይፈረድባታል?

የእናቷ ታናሽ እህት አለም አልጋዋ ላይ ሆና ሕፃኑን ታጠባለች። አማቷ እማማ ለተብርሃን ጓዳውን ያስተካክላሉ።

«ነይ የኔ ቆንጆ!» አለች አለም ልጁን እያቀበለቻት። «ወንድምሽን እይው እስቲ፣ ቁርጥ ዓንዶምን!»

ሕፃኑ የአስመረትን ጣት ጨብጦ ያዘ።

«ነገማ ጎበዝ ይሆናል» አሉ እማማ ለተብርሃን። «ገራዡ በጠዋት ይመጣል፤ እጁ ቀላል ነው።»

እሳቸው ከሰሙ ገርጂና ቦሌ ሰማ ማለት ነው። አስመረት ይህን አሳምራ ታውቃለች። አክስቷን ለብቻዋ ልትነግራት አሰበች፤ ግን ገራዡን የጠሩት እማማ ለተብርሃን ናቸው፤ አለም ብቻዋን አታስቀረውም። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ምነው አስሙ፣ ምን ሆንሽብኝ?» አለች አለም።

«እማማ፣ እርስዎም ይቀመጡ» አለች አስመረት። «ገራዡ አይምጣ፤ መጀመሪያ ሐኪም ይየው። ዓንዶምን የገደለው ሳንባ ምች አይደለም፤ ደሙ አልቆም ብሎ ነው የሞተው። በዘር የሚመጣ ነው፤ በእናቴ በኩል።»

አለም እጇን ዘርግታ ልጇን ወሰደችና ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው። እማማ ለተብርሃን ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ያለው እናትሽ ላይ ብቻ ነው?» አሉ ዓይናቸውን ሳይነቅሉባት።

«አይደለም» አለች አስመረት። «አክስቴ ላይም ሊኖር ይችላል። እኔም ላይ።»